የተኛ የማይቀሰቀስበት ኮረብታ

በጃፓን አገር፣ ከሺራኖ ሸለቆ በላይ፣ ጥድ የለበሰ ዝቅ ያለ ኮረብታ አለ። አገሬው ኔሙሪኦካ ይለዋል፤ የእንቅልፍ ኮረብታ እንደ ማለት ነው። እዚያ የተኛን ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። ተኝቶ የተገኘ መንገደኛ ፀሐይ እንዳያገኘው ቅጠል ይጣልለታል እንጂ ስሙ አይጠራም። የልማዱን መነሻ የሸለቆው ሽማግሌዎች እንዲህ ይናገራሉ።

ጌቶች እርስ በርስ በሚዋጉበት በዚያ ረጅም ዘመን፣ የኩዛዋ ጎሳ አለቃ በጦር ሜዳ ሲወድቅ፣ ልጁ ኖሪሃሩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያባቱን ሰይፍ ታጥቆ ጎሳውን መምራት ጀመረ ይባላል። የበላይ ጌታው በጠራው ቁጥር እየዘመተ ሦስት ዓመት ሲያልፍ፣ ከስምንት መቶ ሳሙራይ ወታደሮቹ የተረፉት ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር። የሟቾቹን መርዶ ለየእናቶቻቸው የሚነግረውም እሱ ራሱ ነበር።

በመጨረሻው ዘመቻ አራት ቀን በዝናብ ተጉዘው ከዚህ ኮረብታ ደረሱ። ከማዶ የምልክት ጭስ ሲነሳ ወደ ሸለቆው ወርደው፣ የበላይ ጌታው ሠራዊት እስኪደርስ ጠላትን ይዘው እንዲያቆዩ ታዘዋል። ይዞ ማቆየት ማለት ማለቅ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ኖሪሃሩ ጥሩሩን እንደለበሰ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማዶ ማዶውን ሲያይ አንገቱ ዘንበል አለ። እኩለ ቀን ላይ ጭሱ ተነሳ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው ሽማግሌው ጂንፓቺ ሊቀሰቅሰው እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ፤ ግን ጦራቸውን ተደግፈው ቆመው የሚያንቀላፉትን ሰዎች ዞር ብሎ ሲያይ እጁን ሰበሰበና አጠገቡ ቁጭ አለ። ጭሱ እየሳሳ ጠፋ። የበላይ ጌታውም ኩዛዋዎች አለመውረዳቸውን አይቶ ሳይዋጋ ተመለሰ ይባላል።

በማግስቱ የጥፋተኛውን አንገት የሚጠይቅ መልእክተኛ መጣ።

«ጭሱን አይቼ ጌታዬን ያልቀሰቀስኩ እኔ ነኝ» አለ ጂንፓቺ ተንበርክኮ።

«ሽማግሌው አያውቅም» አለ ኖሪሃሩ። «ነቅቼ ነበር። ጭሱን አይቻለሁ። መነሳት አልፈለግኩም።»

የበላይ ጌታው የአባቱን ውለታ አስቦ ነፍሱን ማረለት፤ አምባውን፣ መሬቱንና ሰይፉን ግን ወሰደበት። ኖሪሃሩም ከተረፉት ሰዎቹ ጋር በኮረብታው ግርጌ ገብስ እየዘራ ኖረ።

እንደሚነገረው፣ ከዓመታት በኋላ እሱና ጂንፓቺ ከእርሻ ሲመለሱ ኮረብታው ላይ አረፍ አሉ።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን በእውነት ነቅተው ነበር?» ብሎ ጂንፓቺ ጠየቀ።

ኖሪሃሩ ሳሩ ላይ ጋደም እያለ፣ «ደክሞኛል ጂንፓቺ፤ ተወኝ ልተኛ» አለው። ጂንፓቺም ዳግመኛ አልጠየቀም፤ የሸለቆው ሽማግሌዎችም በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አሁን በኮረብታው ላይ የአውቶቡስ መንገድ ያልፋል። ዳገቱ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ተሳፋሪ ካለ፣ መውረጃው ቢደርስም ረዳቱ አይቀሰቅሰውም። ሰውየው ታች ሸለቆው ውስጥ ሲነቃ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል። በዚህ የተቆጣ ሰው እስካሁን አልተሰማም።