በጣራ የገቡት እንግዶች

ሳያጣራ ለደግ ሥራ የሚሮጥ ሰው ባዩ ቁጥር የዋርካ ውሃ መንደር ሽማግሌዎች እየሳቁ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ስድብም ትመስላለች፣ ምርቃትም። ሁለቱንም የሆነችው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ሰኔ፣ ትምህርት ተዘግቶ ከወረዳው ከተማ የተመለሱ ስምንት ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት እየዞሩ ሊከድኑ ተማከሩ። መሪያቸው የውብዳር ነበረች፤ ልቧ ሰፊ፣ እግሯ ፈጣን፣ ጆሮዋ ግን ከነገሩ ግማሹን ሰምቶ የሚነሳ። የመጀመሪያዋን ባለጉዳይ ወንዝ ዳር አገኘቻቸው። እማማ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ወደ መንደሩ ከገቡ ገና ዓመት ያልሞላቸው፣ ዘመድ የሌላቸው ሴት ናቸው።

«ጣራዬ አፍስሶ ሊጨርሰኝ ነው ልጄ» አሏት። «ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ መጀመሪያ የምታገኙት ሣር ቤት የእኔ ነው። ነገ ለቅሶ መድረስ አለብኝ፤ ብዘገይ እናንተ ጀምሩ።»

«እሺ እማማ! ሲመለሱ ቤትዎን አያውቁትም!»

ወጣቶቹ ከየቤቱ አንዳንድ እስር ሰንበሌጥ ለምነው ሰብስበው ነበር፤ ተሟልቶ ለአንድ ቤት ብቻ ይበቃል። በማግስቱ ተሸክመውት ከላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል ወረዱ። ወፍጮ ቤቱን አለፉና ከመጀመሪያው ሣር ቤት ደጃፍ ቆሙ። በሩ በቁልፍ ተከርችሟል።

አንዳርጌ የሚሉት ጓደኛቸው ራሱን አከከ። «ጀምሩ ያሉን ሴትዮ ለምን ይቆልፋሉ? ሰው እንጠይቅ እንጂ።»

«አርጅተዋል፣ ረስተውት ነው» አለች የውብዳር። «ደግሞስ የምንከድነው ጣራውን ነው ወይስ በሩን?»

ተሳሳቁና ወጡ። የበሰበሰውን ክዳን ነቅለው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። የውብዳር ዕቃውን ከጥራጊው ልታሸሽ በማገሮቹ መሃል ሾልካ ወደ ውስጥ ወረደች። ወለሉ ላይ ጠብታ የሚቀበል ቅልና ጣሳ ተደርድሯል። መኝታው ካንዲት ደረቅ ማዕዘን ተሸጉጧል። ከራስጌው ግን አንድ ካፖርት ተሰቅሎ አየች፤ ከሥሩ ደግሞ ሰፋፊ የወንድ ጫማ።

«አንዳርጌ!» ብላ ወደ ላይ ተጣራች። «እማማ ባል አላቸው እንዴ?»

መልሱ የመጣው ከደጅ ነው። «ማነው ቤቴ ላይ የወጣው!»

ጋሽ ደምስስ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእድርም ከሰንበቴም ርቀው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ለሰው ከፍተው አያውቁም። ከገበያ ሲመለሱ ቤታቸው ራሰ በራ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ውረድ አንተ! አንተም! ሌባ እንኳ ጣራ ነቅሎ አይሄድም!»

«ጋሽዬ፣ እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን» አለ አንዳርጌ ወራጁን እንደታቀፈ።

«በማን ፈቃድ?»

«የእማማ ጥሩወርቅን ቤት ልንከድን…»

«ጥሩወርቅ ቤቷ ከወፍጮው ወዲያ ነው!»

«ይሄ ወዲያ አይደል?»

«ለእኔ ወዲህ ነው!»

ለየውብዳር ያን ጊዜ ተገለጠላት። እማማ «ወዲያ» ያሉት ታች ወንዙ ዳር ቆመው ነው፤ የእሳቸው ወዲያ ሽቅብ ነበር። ጠዋት ወጣቶቹ ሣሩን ተሸክመው በእማማ ደጃፍ አልፈዋል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሮ መጥቷል። ሣሩን እዚህ ቢከድኑት ቃል የገቡላቸው ሴት ሊበሰብሱ ነው፤ ባይከድኑት ሽማግሌው ያለ ጣራ ሊያድሩ ነው።

«ጋሽ ደምስስ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች በበሩ ስንጥቅ። «ሳልጠይቅ ነው ያመጣኋቸው። ብቻ ሳይከደን አንሄድም።»

«አንቺ ደግሞ የት ሆነሽ ነው?»

«እ… ቤትዎ ውስጥ።»

ጣራ ላይ ያሉት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እሷ ግን አልሳቀችም። «ቅሎቹን አየኋቸው» አለች ቀስ ብላ።

እማማ ጥሩወርቅ የደረሱት ይሄኔ ነው፤ መንገድ ላይ የተንጠባጠበውን ሰንበሌጥ ተከትለው። የተራቆተውን ጣራ አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ አማተቡ።

«ታዲያ ምን ያስቆማችኋል? ክደኑለት እንጂ! የእኔ ባንድ ወገን ብቻ ነው የሚያፈስሰው፤ አልጋዬን ዞር አደርጋለሁ።»

«በአንቺ ሣር?» አሉ ጋሽ ደምስስ።

«ያበቀለው እግዜር፣ የሰጠው ጎረቤት። የእኔነቱ የቱ ላይ ነው?»

ሥራው ተጀመረ። የውብዳር ከውስጥ ገመድ ትቀበላለች፣ ታቀብላለች። ጋሽ ደምስስ መጀመሪያ ከታች ሆነው «ሣር እንዲህ አይታሰርም! ጫፉን ወደ ታች!» እያሉ ጮሁ። ጩኸቱ ሲሰለቻቸው ጋቢያቸውን ጥለው መሰላሉን ወጡ። በጉብዝናቸው ዘመን የታወቁ ቤት ከዳኝ ነበሩ ለካ። ጉልላቱ ሲታሰር ዶፉ ወረደ፤ ሁሉም ተሯሩጦ ደጃፉ ላይ ተኮለኮለ።

ውስጡ ጨለመ። የውብዳር የገባችበት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ በሩ ካልተከፈተ መውጫ የላትም። ከውጭ ዝናቡንና የባልንጀሮቿን ጥርስ መንገጫገጭ ትሰማለች። ቀጥሎ ቁልፉ ጮኸ።

«ግቡ» አሉ ጋሽ ደምስስ። ቀጥለውም፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፣ «ግቡ ልጆቼ፤ አንቺም ግቢ ጥሩወርቅ። የእግዜር እንግዳ ሆናችሁ እንደመጣችሁ ቁጠሩት» አሉ።

ሁሉም ገቡና እሳት ዙሪያ ተጠጋጉ። ከአዲሱ ክዳን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሽማግሌው ሽምብራ ቆልተው ያቀርባሉ፣ ወደ ጣራው ያያሉ፣ እንደገና ይቆላሉ።

«ሣርማ እርሻዬ ዳር ክምር ሙሉ ነበረኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጣራ ብቻውን የሚከድን የለም፤ ሰው ጥራ ቢሉኝ ሞቴን እመርጥ ነበር። በሉ ነገ ያንን ክምር እናመጣና የጥሩወርቅን እንከድናለን። እኔ ነኝ የማስረው፤ እናንተ ገና ናችሁ!»

«ቤቱን ግን እኔ ላሳያችሁ!» አሉ እማማ፤ የቤቱ ሳቅ ከዝናቡ በለጠ።

ሲያባራ ወጣቶቹ እየተመረቁ አንድ በአንድ ወጡ። የውብዳር ከጠጉሯ ሣር እየለቀመች በመጨረሻ በበሩ ስትወጣ፣ እማማ ጥሩወርቅ መድረኩ ላይ ቆመው አዩዋትና ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ እንዲህ አሉ፦ «ሳይጠይቅ የመጣ፣ በጣራ ገብቶ በበር ወጣ!»