በአያ ጅቦ ደጅ የሚያልፈው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ ከከተማ ዳር ባለ ጥድና ወይራ በሸፈነው ኮረብታ ላይ፣ አንበሳ ለእንግዶች የእግር መንገድ አበጀ። እሑድ እሑድ የከተማ በጎችና ፍየሎች ከጭሱና ከጡሩምባው ሸሽተው ወደዚያ ይወጡ ነበር። ንጹሕ አየር ይስባሉ፣ ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። መዝናናት የሚሉት ይህንኑ ነው።

እንግዳ እንዳይጠፋ አንበሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጫጭ ድንጋይ ደረደረ። ሕጉም አጭር ነበር። «በነጩ ድንጋይ መካከል ያለ ሁሉ እንግዳዬ ነው፤ የነካው ወዮለት! ከድንጋዩ የወጣ ግን ራሱን ይጠብቅ። በመንገዴም ላይ ማንም ቤት እንዳይኖረው» አለ። ሕጉን ሁሉም ሰማ። አያ ጅቦም ሰማ። መስማቱንስ ሰማ፣ እኛን ያጠራጠረን ሕጉ የገባው መሆኑ ነው።

አያ ጅቦ የሚኖረው ከመንገዱ ርቆ፣ በገደሉ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ነበር። ከአባቱ የወረሰው፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቤት ነው። በኮረብታው ላይ እንዲህ ያለ ቤት ያለው እሱ ብቻ ነበር። ምን ያደርጋል! እሑድ ሲመጣ ቤቱን ረስቶ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተጋድሞ፣ የሚያልፈውን ሙክት እያየ ምራቁን ሲውጥ ይውላል።

አንድ እሑድ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር እንግዳ ሁሉ ቀረ። የመጣችው እመት አህያ ብቻ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ከወፍጮ ቤት ዱቄት ስታመላልስ የኖረች ናት። ጌታዋ ሰርግ ስለሄደ ያን ቀን ሥራ ፈታችና፣ ጎረቤቷ ፍየል «እስኪ አንድ ቀን እንኳ ተዝናኚ!» ብላ በጭቅጭቅ ላከቻት።

አንበሳ በመንገዱ መግቢያ በር ላይ ተቀበላት።

«ጌታዬ፣ ጭነቱ የታለ?» አለችው።

«የምን ጭነት?»

«የማወጣው ነዋ!»

«ምንም አታወጪም። ወደ ላይ ትሄጃለሽ፣ ትንሽ ታርፊያለሽ፣ ከዚያ ትመለሻለሽ።»

«ባዶዬን?»

«ባዶሽን።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምሄደው?»

 እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አንበሳንም ግራ አጋባው። «ብቻ ከነጩ ድንጋይ እንዳትወጪ» ብሏት ከበሩ አጠገብ ጋደም አለ።

እመት አህያ ግን አልሄደችም። የጭነት አህያ ተጭና፣ ጀርባዋ ተመትቶ «ሂጂ!» ካልተባለች አትነቃነቅም፤ ልማዷ ነው። ጆሮዋን ጥላ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ሰዓት ቆመች። ሁለት ሰዓት ቆመች።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ከሩቅ ሲያይ ቆይቶ እየሮጠ ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። የቀበሮ ጉድጓድ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው። እሷም እሑድ እሑድ የእንግዳ ኮቴና ጫጫታ እንቅልፍ የሚነሳቸውን ልጆቿን እያባበለች ነበር።

«እመት ቀበሮ፣ በሩ ላይ የቆመችውን አይተሻታል? ታፋዋን አይተሽልኛል?»

«አይቻለሁ አያ ጅቦ። ግን ምን ዋጋ አለው? ከድንጋዩ አትወጣልህም። ዕድሜዋን በመንገድ የኖረች ናት።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል? ሆዴ ከጀርባዬ ሊጣበቅ እኮ ነው!»

ቀበሮ ልጆቿን አየት፣ መንገዱን አየት አደረገች። «እሷ ወደ አንተ ካልመጣች መንገዱ ወደ አንተ ይምጣ። ድንጋዩን ከእኔ ደጅ ጀምረህ አንሳና እስከ ዋሻህ ድረስ ደርድረው። ድንጋዩን ተከትላ እግርህ ሥር ትመጣልሃለች።»

«ደጄ ድረስ?»

«ከፈለግህማ ውስጥ ድረስ አስገባው።»

አያ ጅቦ በደስታ ምራቁ ተንጠባጠበ። «አንቺስ? ከሥጋው ምን ልስጥሽ?»

«እኔ? ከሥጋው ምንም አልፈልግ። ለወዳጅ የሚደረግ ነው።»

ቀበሮ ሥጋ አልፈልግም ስትል ሌላው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። አያ ጅቦ ግን ድርሻው ስላልተቀነሰበት ብቻ ተደስቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

ሥራው እንዳሰበው ቀላል አልሆነም። በአፉ እየነከሰ፣ በደረቱ እየገፋ አጓጓዘው። መጀመሪያ ሁሉንም በግራ በኩል ደረደረና ቀኙ ባዶ ቀረ። ያን አፍርሶ እንደገና ሲጀምር ቀኙ ሞልቶ ግራው ጎደለ። በመጨረሻ ሲሳካለት ደግሞ የገዛ ዋሻው ጠፋበት። ቀና ብሎ በነጭ ድንጋይ ያጌጠ ደጅ ሲያይ «ይሄ ደግሞ የየትኛው ባለጸጋ ቤት ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ። የራሱን ሽታ አሽትቶ ነው የገባው።

በዚህ መካከል አንበሳ ከእንቅልፉ ሲነቃ አህያዋ አሁንም እንደቆመች ነች። ልማዷ ገባውና በመዳፉ ጀርባዋን ቸብ አድርጎ «በይ ሂጂ!» አላት። ሄደች። ጀርባዋ ባዶ ስለሆነ አካሄዷ ሁሉ ተበላሽቶባት ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተንገዳገደች፣ ዓይኗን ግን ከድንጋዩ ሳትነቅል ወጣች። ድንጋዩ ሲታጠፍ ታጠፈች፣ ሲወርድ ወረደች፣ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ገባች። ከፊቷ አያ ጅቦ ተቀምጧል።

«እዚህ ነው የሚራገፈው?» ብላ ጠየቀች።

«እዚህ ነው የሚበላው!» አለና አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ እመት አህያ ሞቷን አየችው። ከድንጋጤዋ ብዛት በጭንቅላቷ የቀረው የአንበሳ ቃል ብቻ ነበር። «እኔ ከድንጋዩ አልወጣሁም!» አለች።

«አውቃለሁ፣ አልወጣሽም።»

«እንግዲያው መንካት አይቻልም።»

አያ ጅቦ አፉን እንደከፈተ ቆመ። ግራውን አየ፤ ድንጋይ። ቀኙን አየ፤ ድንጋይ። «ግን... ቤቴ ነው እኮ!»

«መንገድ ነው።»

«እስቲ ትንሽ ታገሺኝ» አለና፣ ከመንገዱ ሊያስወጣት በግራዋ በኩል ያለውን ድንጋይ አነሳ። እሷ ወደ ቀኝ ተጠጋች። የቀኙን ሲያነሳ ወደ ፊት ሄደች። እሱ ሲያነሳ እሷ ስትሸሽ ዋሻው መጨረሻ ደረሱና መሸሻ አጣች። የቀረቻት አንዲት ድንጋይ ነበረች። እሷን በእግሯ ረግጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ኮረብታው እስኪያስተጋባ ድረስ አናፋች።

አንበሳ እየዘለለ መጣ። መንገዱን ካበጀ ወዲህ ከበሩ ርቆ አያውቅም ነበርና፣ ድንጋዩን ሲያይ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ እኮ በትልቁ ወይራ በኩል ያሳለፍኩት ይመስለኝ ነበር። አያ ጅቦ፣ ድንጋዬን የነካ አለ እንዴ?»

አያ ጅቦ አንድ የአንበሳ ጥፍር አየና ልቡ ቀለጠ። «የለም ጌታዬ! ማን ይደፍራል? ድሮም እዚሁ ነበር!»

«ድሮም?»

«ድሮም!»

«እንግዲያው ቤትህ መንገዴ ላይ ነው ያለው።»

«አይ ጌታዬ፣ ቤቱ ነው የቀደመው!»

«ታዲያ ድንጋዩ በኋላ መጣ ማለት ነው? ማን አመጣው?»

«እ... አይ... ድንጋዩ ነው የቀደመው። ማለቴ...»

«ሕጉን ሰምተሃል። ቤቱን ልቀቅ!» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ ሲወጣ ጥቁሩ ሰማይ ዝናቡን ለቀቀው። እመት አህያ ዋሻው ውስጥ፣ የቀረቻትን ነጭ ድንጋይ እንደረገጠች «ጌታዬ፣ አሁንስ ምን ልጫን?» አለች። «ምንም። ተኚ» አላት። ተኛች። ጉልበቷን አጥፋ፣ ዝናቡን እያዳመጠች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ተኛች። ደስታ መሆኑን ያወቀችው እንባዋ ከመጣ በኋላ ነው።

አያ ጅቦ በስብሶ ትልቁ ወይራ ሥር ሲደርስ፣ ደጁ ጸጥ ብሎ፣ የቀበሮ ልጆች ተደራርበው ተኝተው አገኘ።

«እመት ቀበሮ! ቤቴን—»

«እሽሽ! ልጆቼን ታነቃብኛለህ» አለች ከጉድጓዷ ብቅ ብላ። «መንገዱ ከዚህ ስለተነሳ ከእንግዲህ እሑድም በሰላም ይተኛሉ። ዕድሜ ላንተ!»

አያ ጅቦ በጆሮው የሚወርደውን ዝናብ አራገፈ። «አንቺ ግን ምንም አልፈልግም ብለሽኝ ነበር።»

«የጠየቅኸኝ ስለ ሥጋው ነዋ!» አለችና ተመልሳ ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ ምክር ሲለገሰን እኛ ከምናገኘው በፊት መካሪው የሚያገኘውን መጠየቅ እንዳለብን ነው።