የጎርፍ መንገድ ላይ ቤት የተከራየችው በግ

ተረቴ ደጅ ቆሟል፤ ቦታ ልቀቁለት።

«ለቀናል፣ ይግባ!»

ይግባ ካላችሁ አታቋርጡኝ። ዛሬ እየሳቅሁ አልነግራችሁም። ይህን ተረት ባነሣሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

እንስሳት ከተማ ቆርቁረው፣ እድር አቋቁመው፣ ቤት ተከራይተው ይኖሩ በነበረበት በዚያ ዘመን አንዲት በግ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ግልገሎች ያሏት፣ ጨዋ በግ። ታላቁ ቡላ፣ ታናሹ ዳማ ይባላሉ። በአገሯ የግጦሹ መሬት ሁሉ ታርሶ አለቀና ልጆቿ ከሱባት። «ከተማ ብገባ ገበያ ላይ የሚጣለው የጎመን ቅጠል እንኳ ልጆቼን ያሳድግልኛል» አለችና ግልገሎቿን አስከትላ ተነሣች።

ጨዋ ናት ብያችኋለሁ። ደፍራ አትጠይቅም፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም፣ የሰጧትን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። እናቷ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገቻት። እኔም እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ እናንተንም እንደዚያው።

ከከተማው መግቢያ ላይ ጦጣን አገኘችው። ጦጣ የቤት ደላላ ነው። ገና ከሩቅ ሲያያት ከዛፉ ዱብ አለ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እናቴ! ቤት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ቤት ነው። እኔና ልጆቼ ብቻ ነን።»

«አለኝ! ለገበያ ቅርብ፣ ግቢው ሰፊ፣ ግድግዳው ገና ትናንት ኖራ የተቀባ። ዛሬ ካልያዝሽው ነገ ፍየል ትወስደዋለች።»

ሄደው አዩት። እውነትም ያምራል። ግድግዳው ነጭ፣ ደጁ ላይ ያለው አሸዋም ነጭ። የሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ግን ዳገቱ ላይ ናቸው፤ ይህ ብቻ ለብቻው ታች ቀርቷል። በጓ ይህን አየች። «ይህ ብቻ ለምን ታች ሆነ? በፊት የነበሩትስ ለምን ለቀቁ?» የሚል ጥያቄ ምላሷ ላይ መጣ። ግን ጦጣ በፀሐይ ተንከራትቶ ነው እዚህ ያመጣት። አሁን ብትጠይቀው «አላመነችኝም» ብሎ ያዝናል። ዋጠችው።

እናንተ! ይህ ጥያቄ ይዋጣል?

ቤቱን ያዘች። ጦጣም የድለላውን ተቀብሎ ዛፉ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ጎረቤቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት መጡ። መጀመሪያ የመጣችው ድመት ናት። በጓ ወተት አቀረበችላት። ድመት ወተቱን ላሰች፣ ግድግዳውን አየች፣ አሸዋውን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች።

«ቤቱ እንዴት ነው እትዬ ድመት?»

«ያምራል እቴ፣ ያምራል። የጤና ቤት ያድርግልሽ» አለችና ጺሟን ጠራርጋ ወጣች።

ቀጥሎ አህያ መጣ። የእድሩ ዳኛ ነው። በጓ ገብስ አቀረበችለት። ገብሱን በላ፣ ግድግዳውን አየ፣ አሸዋውን አየ፣ አንገቱን ደፋ።

«ሰፈሩ እንዴት ነው አያ አህያ?»

«ሰፈራችን ፍቅር ነው። ብቻ ቶሎ እድር ግቢ፤ ለክፉ ቀን ይሆንሻል።»

«የምን ክፉ ቀን?» ልትለው ነበር። ጥየቃ የመጣ ትልቅ ሰው ላይ ጥያቄ አይበዛም ብላ ዋጠችው።

በመጨረሻ ዶሮ መጣች። በጓ ጥሬ በተነችላት። ዶሮ ለቀመች፣ ለቀመችና ቀና አለች።

«ክረምት ሲገባ እኮ...» አለችና ዝም አለች።

«ክረምት ሲገባ ምን?»

«ክረምት ሲገባ ያምራል ልልሽ ነው።»

በጓ የዶሮን ዓይን አየች። የሆነ ነገር እንዳለ ገባት። ግን እንግዳ አስጨንቆ መጠየቅ ነውር ነው አለችና ሦስተኛውንም ዋጠችው።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከተማው ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል፣ ከወደ ተራራው ጉርምርምታ ተሰማ። ግልገሎቹ አሸዋው ላይ ይዘላሉ። የመጀመሪያው ውኃ መጥቶ ግድግዳውን ነካው። ኖራው ቀለጠ። ከሥሩ ከበጓ ቁመት በላይ የሆነ ቡናማ የጭቃ መስመር ብቅ አለ።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸ ግድግዳው። «ውኃው እስከዚህ መስመር ይደርሳል፣ ውጪ!»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ጦጣ አፌን በኖራ ደፍኖብኝ ነው!»

ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ደረሰ። «ዞር በሉ!» አለ። «አልጋዬ ላይ የተኛው ማነው?»

«አንተ ማነህ?»

«ባለቤቱ ነኛ! በየዓመቱ እመጣለሁ። ዳገቱ ላይ ያሉትን ጠይቂ፤ ሁሉም ያውቁኛል።»

በጓ ዳማን በግንባሯ እየገፋች ዳገቱ ላይ አወጣችው። ለቡላ ተመለሰች። ቡላ አልነበረም። ጠራችው፣ ጠራችው፣ ጠራችው። ወንዙ ብቻ መለሰላት።

በማግስቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? እድሩ ድንኳን ተከለ! አህያ ድንኳኑን በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ድመት እያለቀሰች መጣች። ዶሮ በክንፏ ደረቷን እየደቃች መጣች። ወጥ በድስት፣ ጠላ በእንስራ መጣ። እዬዬው ሰማይ ደረሰ። ለለቅሶማ ማን ብሏቸው!

በጓ ከተቀመጠችበት ተነሣች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ዝም በሉ! ወንዙ እንደሚመጣ ታውቁ ነበር?»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«እኔማ ብነግርሽ ነገረኛ እባላለሁ ብዬ ነው» አለች ድመት።

«እኔ እንኳ የጦጣን እንጀራ ልዝጋ? ጎረቤቴ ነው» አለ አህያ።

«እኔ ሌላው ነግሯታል ብዬ ነው» አለች ዶሮ።

«የግድግዳውን አፍ ጦጣ በኖራ ደፈነው» አለች በጓ። «የእናንተንስ ማን ደፈነው? ወተቴን ላሳችሁ፣ ገብሴን በላችሁ፣ ጥሬዬን ለቀማችሁ። ልጄ ሲሞት ለመምጣት እግር አላችሁ፤ ሳይሞት ለመናገር አፍ አጣችሁ። እኔም ላሳፍራችሁ አልፈለግሁምና ሦስት ጊዜ ዋጥሁት፤ ልጄን የበላሁት እኔም ነኝ። ድንኳናችሁን ንቀሉና ሂዱልኝ!»

ድንኳኑ ተነቀለ። «ኀዘን አእምሮዋን ነካው» እያሉ ተበተኑ። እዩልኝ! እውነት የተናገረችው እሷ፣ ያበደችውም እሷ!

በጋው መጣ። ወንዙ ሄደ። አሸዋው ነጭ ሆነ። ጦጣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ወረደና ግድግዳውን እንደገና ኖራ ቀባው። ወዲያውም ሦስት ልጆቿን ያስከተለች ጥንቸል ይዞ መጣ።

«ለገበያ ቅርብ፣ ግቢው ሰፊ!» ይላል።

ድመት ከዳገቱ ላይ ታያለች። ዶሮ ታያለች። ሁለቱም ዝም። በጓ ግን ከዳማ ጋር ከተጠጋችበት የገበያ ዳስ ሥር ብድግ ስትል አህያ መንገዱን ዘጋባት።

«ተይ እንጂ እመት በግ፣ ነውር ነው። ምን ይሉሻል?»

«ያሻቸውን ይበሉኝ!»

ገፍታው አለፈች። ዳገቱን በሩጫ ወረደች። ግድግዳውን በሰኮናዋ ፋቀችው፣ ፋቀችው፤ መስመሩ ወጣ።

«እህቴ፣ ውኃው እስከዚህ ድረስ ይደርሳል» አለቻት ጥንቸልን። «ልጄን የወሰደብኝ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ነው።»

ጥንቸል መስመሩን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ልጆቿን አየች። ዕቃዋን ሳታወርድ፣ ጦጣንም ደህና ዋል ሳትለው ዳገቱን ወጣች። ጦጣ ሰደባት፣ አህያ አፈረባት፣ ዶሮ አንገቷን ክንፏ ውስጥ ቀበረች። በጓ ግን አሸዋው ላይ ቆማ የጥንቸልን ልጆች አየቻቸው። ሦስቱም አሉ።

እንግዲህ ስሙኝ። አዲስ ከተማ የምትገቡ፣ ደላላው ስለደከመላችሁ ብላችሁ ጥያቄ አትዋጡ። ውኃው በየት እንደሚያልፍ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ለምን እንደለቀቀ ጠይቁ። ዳር ዳር የሚል ጎረቤት ሲገጥማችሁ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ይፈር! ቀድማችሁ የገባችሁት ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እያወቃችሁ ዝም ካላችሁ ለቅሶ ቤት አትምጡ፤ የማንንም እንባ አታርክሱ።

ተረቴን መልሱልኝ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱት፤ ገና የምናገረው አለኝ።