ባለቤቱ የካደው ዕቃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሚስቱን የሚወድ፣ የሰውን ዓይን ግን ከልክ በላይ የሚፈራ።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር የልቤን ካወቀ በአፌ መናገሬ ለምንድን ነው? አንዳንዱን ሕመም ደግሞ በጸሎት ፊት በስሙ ማንሣት ነውር ይመስለኛል» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበርና፣ ልጄ፣ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ። ነገሩ የባልና ሚስት ነገር ነው። አንቺም ባለትዳር ሆነሻልና ሳላፍር እነግርሻለሁ፤ አንቺም ሳታፍሪ ስሚኝ።

ሰውየው መርካቶ ውስጥ የልብስ ቁልፍና ዚፕ ከቻይና እያስመጣ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነበር። ሰንበትን አያጎድልም፤ ጾም አይገድፍም። ሠራተኞቹ እርሱ ባለበት የብልግና ወሬ ሲጀምሩ አንዱ ይስላል፤ «ጋሼ አሉ!» ተባብለው ይተዋሉ። ጨዋ ነው ይባል ነበር። እውነትም ጨዋ ነበር። ይሄ ስም ግን እንደ ነጭ ኩታ ሆኖበት፣ እንዳይቆሽሽ ሲጠነቀቅ ነበር የሚውለው።

ሚስቱ ታመመች። የማሕፀን በር ካንሰር ነው ተባለ። በጨረር ታከመች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ጨረሩ የነካው ገላዋ ግን እየደረቀና እየጠበበ መጣ። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን ጠርታ፣ በሩን ዘግታ እንዲህ አለቻቸው።

«ይሄ ነገር ዝም ከተባለ ይዘጋል። ከተዘጋ ባልና ሚስት መሆናችሁ ይቀራል፤ እኔም በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ልመረምራት አልችልም። ቀስ በቀስ የሚያሰፋ መሣሪያ አለ። እዚህ አይገኝም። ውጭ አገር የሕክምና ዕቃ የሚሸጡም ይይዙታል፣ ለአዋቂዎች ብቻ የሚባለውን የመኝታ ቤት ዕቃ የሚሸጡም ይይዙታል። እናንተ የሕክምና ነው ብላችሁ ፈቃድ አውጡና በአውሮፕላን አስመጡት። የሚጠራጠር ካለ ይደውልልኝ፤ እኔ እመሰክራለሁ። ብቻ አደራ፣ አትዘግዩ።»

ባልየው «እሺ» አለ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ልቡ እሺ አላለም። ፈቃድ ማውጣት ማለት በየመስኮቱ ቆሞ «ምንድን ነው? ለማን ነው? ለምን ይሆናል?» መባል ነው። ከኋላ ደግሞ ሰልፍ አለ። ከሰልፉ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ገና ሲያስበው ላብ አጠመቀው።

ስለዚህ ፈቃዱን ተወና ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ዕቃ ለሚገዛለት ደላላ ደወለ። ደላላው የሚባለውን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ጋሼ፣ እርስዎም? እሰይ! እርጅና ፈርቶ ሸሸ በሉኛ!»

«ዝም በል። ለሌላ ሰው ነው።»

«ለራሴ ነው ብሎ ያዘዘኝ ኖሮ አያውቅም እኮ።»

«ቀልዱን ተወው! ከቁልፉ ካርቶን መሃል አስገባው። በቁልፍ ስም ይምጣ።»

«እንደዚያ ከሆነ በመርከብ መሆኑ ነው። ይቆያል እኮ ጋሼ። በአውሮፕላን ለብቻው ብልከው…»

«በመርከብ፣ ከዕቃዬ ጋር አልኩህ!»

እንዲህ ሆኖ፣ በቶሎ ሊደርስ ይችል የነበረው ነገር ባሕር ላይ ዋለ። መርከቡ በየወደቡ ቆመ። ጅቡቲ ደርሶም ተራ ጠበቀ። የሴትየዋ ገላ ግን መርከብ አልጠበቀም። ሐኪሟ በደወለች ቁጥር ባልየው «እየመጣ ነው» ይላል። ሚስቱም «እየመጣ ነው» ብላ ታምናለች። ዋሸ እንዳይባል፣ እየመጣ ነበር።

በመጨረሻ ኮንቴይነሩ ደረቁ ወደብ ገባ። የጉምሩክ ፈታሹ ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነበር። ዕቃው ውስጡን በሚያሳየው መሣሪያ ካለፈ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ካርቶን አንዱን ብቻ ለይቶ «ይሄ ይከፈት» አለ። ጫኝና አውራጆቹ ከበው ቆመዋል። ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች አስመጪዎችም አሉ። ካርቶኑ በቢላ ሲሰነጠቅ ቁልፉ ዝርግፍ አለ፤ ከመካከሉም በላስቲክ የተጠቀለለ ሳጥን ወጣ። ደላላው የገዛው ከአዋቂዎች ዕቃ መሸጫ ኖሮ፣ በሳጥኑ ላይ እርቃኗን ሆና የምትስቅ ሴት ተሥላበታለች።

ሳቁ ግቢውን ሞላው።

«አቤት! የዘንድሮ ቁልፍ እንዲህ ሆኖ መጣ?» አለ አንዱ አስመጪ።

«ልብሱስ ምን ዓይነት ይሆን!» አለ አንዱ ጫኝ።

«ተዉአቸው፣ ጋሼ ጿሚ ናቸው፤ ለፍስክ ያስመጡት ነው!» አለ ሌላው፤ ሁሉም እንደገና ተንከተከቱ።

ፈታሹ አልሳቀም። ሳጥኑን ይዞ ወደ ነጋዴው ተጠጋ።

«ይሄ የእርስዎ ነው?»

ነጋዴው የሚስቱ ፊት መጣበት። በዚያው ቅጽበት ግን የሰዎቹን ጥርስ አየ። የቀረበው ጥርሱ ነበር።

«የእኔ አይደለም።»

ፈታሹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ረጋ ብለው ያስቡበት። ባለቤት ያለው ዕቃ ጥፋት እንኳ ቢኖርበት የሚዳኝበት ሕግ አለው። ለሕክምና ከሆነም ፈቃድ ይጠየቅለታል። ባለቤት የሌለው ግን መጨረሻው መቃጠል ነው። ልድገምልዎ፤ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም አልኩ እኮ! አላውቀውም። ላኪዎቹ ተሳስተው ከተውት ይሆናል።»

ፈታሹ ጥቂት ጠበቀ። ሌላ ቃል ሲያጣ ሳጥኑን ከሚወገደው ዕቃ ጋር አስቀመጠው። ቁልፉን ለቀቁለት። ሰውየው ጭኖ ወጣ። ስሙ ተርፏል።

ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«መጣ?»

«ያዙት።»

«ምን ብለው?»

«የማን ነው አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ሰውየው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። አንዱን አውልቆ ሌላውን ተወው። ሚስቱ ገባት።

«የእኔ አይደለም አልካቸው?»

«ሰው ቆሞ ነበር። ይስቁ ነበር። አላየሽም እንጂ…»

ሴትየዋ አልጮኸችም። ነጠላዋን ሰብስባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ዕቃውንማ ማን ፈለገው» አለች። «የካድከው እኔን ነው። ያ ሁሉ ሐኪም ሲያየኝ፣ ያ ሁሉ ጨረር ሲፈጀኝ አላፈርኩም፤ መዳን ፈልጌ ነዋ! ታዲያ የታመምኩት እኔ ካላፈርኩ አንተ በማን ገላ ነው የምታፍረው? ሂድ። የሚስቴ ነው በላቸው። ፈቅጄልሃለሁ።»

ሲነጋ ተመለሰ። ፈታሹም ጫኞቹም እነዚያው ናቸው። ነጋዴው ፈታሹን ወደ ጥግ አልጎተተውም፤ ወደ ጆሮውም አልተጠጋም። በካደበት ቦታ ላይ ቆሞ ሁሉም እየሰማ ተናገረ።

«ያ የእኔ አይደለም ያልኩት ዕቃ የእኔ ነው። በቁልፍ ስም ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። ሚስቴ ካንሰር ታማብኝ በጨረር ነው የተረፈችው። ያ ዕቃ ከሌለ ገላዋ ይዘጋል። የሚገባኝን ቅጣት ቅጡኝ፤ ዕቃውን ግን አታቃጥሉት።»

የሳቀ የለም። ያ ስለ ፍስክ የቀለደው ሰው «እግዜር ይማራት፣ ጋሼ» አለ።

«አልተቃጠለም» አለ ፈታሹ። «መሣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ነው ምን እንደሆነ ያወቅኩት። እኅቴ በዚሁ በሽታ ታማ ነበርና ቤታችን ገብቶ ያውቃል።»

ነጋዴው ደነገጠ፤ ቀጥሎም ተቆጣ። «ያውቁ ነበር? እያወቁ ነው በሰው ፊት የጠየቁኝ? ለምን ዝም ብለው አልሰጡኝም?»

«የእኔ አይደለም ላለ ሰው እንዴት አድርጌ ልስጥ?» አለ ፈታሹ። «የእኔ ማወቅ ዕቃውን የእርስዎ አያደርገውም። የጠየቅኩዎ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። እንዲወስዱት ብዬ ነው።»

ያን ዕለት ሳጥኑን ይዞ አልገባም። ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና ያንኑ የሸሸውን መንገድ ሄደበት። በየመስኮቱ ቆመ። በመጀመሪያው መስኮት በሹክሹክታ ተናገረ፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቴ «አልሰማሁዎትም» አለችው፤ ከኋላው ያሉትም ሰሙ። ኋላ ኋላ ግን «ለባለቤቴ ነው፣ ታማብኝ» ሲል ቀና ብሎ ነበር። ሐኪሟም እንዳለችው መሰከረች። ፈቃዱ ወጣ፤ በሐሰት ስም በማስመጣቱም ተቀጣ፤ ዕቃውን ተረከበ።

ሐኪሟ ሴትየዋን መርምራ የሆነውን አልሸሸገችም። «አልረፈደም» አለች። «በጊዜው ተጀምሮ ቢሆን ግን እንዲህ ባላመማት ነበር።» እውነቷን ነው። ሚስቱ ቀስ በቀስ ተሻላት፤ ያን ትርፍ ሕመም ግን ተሸክማው አለፈች። እርሱ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ ስታቃስት ሲሰማ ይውል ነበር፤ ሊካፈላት ግን አይችልም።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰውን ከፈጣሪ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይቅር ይበለኝ። ነገር ግን አንድ ደመወዝተኛ በታሸገ ካርቶን ውስጥ ያለውን ካየ፣ አንቺን በማሕፀን የሠራሽ ምን ይሰወረዋል? ያውቃል። ያልሽው ልክ ነው። ያላሰብሽው፣ ማወቅ የእርሱ ፈንታ ሲሆን መቀበል ያንቺ ፈንታ መሆኑን ነው። ሰው ደግሞ የእኔ አይደለም ያለውን ነገር አይቀበልም። እርሱ የሚጠይቅሽ ሊሰጥሽ ነው።

አንቺ ግን ምን ታደርጊያለሽ? ለአገር ሰላም ትለምኛለሽ፤ ለታመሙ፣ ለታሰሩ፣ ለመንገደኛ ትለምኛለሽ፤ ይሄ ሁሉ መልካም ነው። የራስሽን ግን እንደዚያ ነጋዴ በሌላ ስም ጠቅልለሽ መሃል ታስገቢዋለሽ፤ «የልቤን ታውቃለህ» ትዪና ነጠላሽን አጣፍተሽ ትወጫለሽ። እርሱ ይዞት «ያንቺ ነው?» እያለ ይጠብቃል። አንቺ እስክትመልሺ ሕመሙ በገላሽ ላይ እየቆየ ነው። ነውር ያልሽውን ገላ ያበጀው እርሱ ነው፤ ስሙን ቢሰማ አይደነግጥም።

ካገባሽ ወዲህ የከበደሽ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ እናት ነኝ፣ አይጠፋኝም። ለእኔ ንገሪኝ አልልሽም። ለሐኪም ለመንገር ጊዜው ሲደርስ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ለእርሱ ንገሪው፤ የሚያምሽን ያምመኛል በዪ፣ የት እንደሚያምሽም ተናገሪ።

አሁን እኔ ወጥቼ በሩን እዘጋልሻለሁ። ቃሉ እምቢ ካለሽም ጥለሽ አትሂጂ፤ እስኪወጣልሽ ድረስ እዚሁ በጸሎት ቁሚ።