ጆሮ ብቻ የነበረው ዲሽ

ተረት ላውጋችሁ፣ ጆሮ አላችሁ?

«አለን!»

አፍስ?

«እሱም አለን!»

እንግዲህ ያልገባችሁ ቦታ ላይ «ምን አልሽ?» በሉኝ። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ያስፈራኛል።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ ግን ዲሽ ጣራ ላይ መሰቀል ከጀመረ በኋላ፣ ጉም የሚተኛበት አንድ ሸለቆ ነበረ። ጉሙ ጠዋት ከገደሉ ሥር ይነሣል፤ ቀን ዛፎቹ አናት ላይ ይቀመጣል፤ ሲመሻሽ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩ እንስሳት የትኛው ሕልም የትኛው እውን እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋቸው ነበር።

ከሸለቆው መሐል ሰዎች ትተውት የሄዱት የቆርቆሮ ቤት አለ። ጎርፍ መንገዱን ሲወስድባቸው ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ሌላ አገር ወረዱ፤ ጣራው ላይ ግን ዲሻቸውን ረሱ። ከዲሹ አጠገብ ፀሐይ የሚጠጣ ጥቁር ሰሌዳ ነበረ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚናገር ሣጥን።

አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። ዝናቡ የሰሌዳውን አቧራ አጠበው። ፀሐይ ወጣችና ሰሌዳውን ነካችው። ሣጥኑ «ክርር» አለ፤ ዲሹ ነቃ። ነቅቶ ሽቅብ ቢያዳምጥ፣ አንድ ኮከብ ሲናገር ሰማ። ሌሎቹ ኮከቦች ይዞራሉ፣ ይጠልቃሉ፤ ይኼኛው ግን ሰዎች የሰቀሉት ነውና ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም።

«ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?» አለ ኮከቡ በሣጥኑ በኩል።

እንስሳቱ ከየጉድጓዱና ከየዛፉ ወጡ። «እግዜር ይመስገን! አንተስ እንደምን ዋልክ?» አሉት።

ኮከቡ ግን ወሬውን ጀምሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሲመሻሽ ሲመሻሽ ደጁ ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። ኮከቡ ስለ ባሕር ያወራል፤ እነሱም ማዕበሉ እግራቸውን የሚነካቸው ይመስላቸዋል። ስለ በረዶ አገር ያወራል፤ እነሱም ይበርዳቸዋል። ስለ ዓሣ ነባሪ ያወራል፤ ግልገሎቹም በእንቅልፋቸው ሲዋኙ ያድራሉ።

አያ ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። «ዓለም እቤታችን ገባች!» አለ። «ከእንግዲህ ማንን እንጠይቃለን? ሁሉን አዋቂ ከላይ አለልን።»

እመት ጉሬዛም ድሮ ጎህ ሲቀድ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ማዶ ሸንተረር ላይ ካለችው ከቆቅ ጋር ትጠራራ ነበር፤ ያንን ተወችው። «ቆቅ ደግሞ ምን አዲስ ነገር ትነግረኛለች?» አለች።

ዲሹ ደስታውን አልቻለውም። ወፎች ፊቱን ያጥቡለታል፤ እመት ጉሬዛ በነጭ ጭራዋ አቧራውን ትጠርግለታለች። «ዲሻችን፣ ዲሻችን» ይሉታል። እሱም ደስ ብሎት ዝም ይላል።

በዚያ ሸለቆ እመት ሽኮኮ የምትባል ነበረች። ባሏን ንስር ወስዶባታል። የቀረቻት አንዲት ልጅ ነች፤ ስሟም ጤዛ። አንድ ምሽት ኮከቡ ተናግሮ ሲጨርስ እመት ሽኮኮ፣ «ጤዛዬ፣ ነይ እንሂድ» ብትላት ልጅቷ መነሣት አቃታት። እግሯ ዛለ፤ ዓይኗ ተከደነ፤ ትንፋሿ እንደ ክር ቀጠነ።

እናት ምን ታድርግ? በማግስቱ አዝላት መጣች። ሣጥኑ ፊት አስቀመጠቻት።

«ጌታዬ ኮከብ፣ ልጄ እግሯ ዛለብኝ። ምን ላድርግላት?»

ኮከቡ፣ «ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ስለ ንብ አውራ እንነግራችኋለን» አለ። ስለ ንብ አውራም ነገራቸው።

«ጮክ ብለሽ ስላልተናገርሽ ነው» አላት አያ ዝንጀሮ። በሁለተኛው ቀን ራሱ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱ እስኪገተር ጮኸ። «ጌታዬ ኮከብ! የሽኮኮ ልጅ እግሯ ዛለ! ምን እናድርግላት?»

ኮከቡ፣ «ውድ አድማጮቼ፣ በሰሜን በኩል በረዶው ሦስት ክንድ ደርሷል» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ገደሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጉሙ ተበተነ። ጩኸታቸው ሲያበቃ ኮከቡ፣ «ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ስለ ሕመምና ስለ መድኃኒት እንነግራችኋለን» አለ።

«ሰማን! ሰማን!» አለ አያ ዝንጀሮ። እመት ሽኮኮ ትንፋሿን ያዘች።

«እግሩ በብርድ ለዛለ፣ ሻካራው ቅጠል ነው» አለ ኮከቡ። «እግሩ በትኩሳት ለዛለ፣ ለስላሳው ቅጠል ነው። እግሩ በመርዝ የዛለ ግን ሁለቱንም ቢቀምስ ይሞታል።»

«ቆይ ጌታዬ፣ ቆይ! የእኔዋስ በየትኛው ነው?»

«ነገ ደግሞ ስለ ነገሥታት አዳራሽ እናወራለን። ደኅና አምሹ።»

ሣጥኑ ዝም አለ። እመት ሽኮኮ ዙሪያዋን ብታይ ሁሉም አቀርቅሯል። «እንግዲህ ዕድሌን ልሞክር» አለችና ሻካራውን ቅጠል ቀጥፋ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች።

«ተዪው! እመት ሽኮኮ፣ ተዪው!»

የጮኸው ዲሹ ነበር። ከሰቀሉት ጀምሮ የራሱን ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሉም ቀና ብለው አዩት።

«እሱ አይሰማሽም» አለ ዲሹ፤ ድምፁ የቆርቆሮ ድምፅ ነበር። «ትናንትም አልሰማሽም፤ ነገም አይሰማሽም። እኔ ጆሮ ብቻ ነኝ። ከላይ የወረደውን እቀበላለሁ እንጂ ከታች የሚወጣውን አላደርስም። እዚህ መኖራችሁንም አያውቅም። ለሁሉም ይናገራል፤ ለማንም ግን አይመልስም።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ስጮህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፊቴን ታጥቡልኝ ነበር» አለ ዲሹ። «ብነግራችሁ ትበተኑብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

አያ ዝንጀሮ ድንጋይ አነሣ። «አንተ ከሃዲ!» ብሎ ሊወረውር ሲል እመት ሽኮኮ እጁን ያዘችው።

«ተው አያ ዝንጀሮ። ዝምታውስ በድሎኛል። ግን አሁን ባይናገር ልጄን በገዛ እጄ ገድያት ነበር። አስቀምጠው።»

አያ ዝንጀሮ ድንጋዩን አስቀመጠ። ከዚያ እመት ጉሬዛ ቀስ ብላ፣ «እናቴ ስለ አንድ አዋቂ ትነግረኝ ነበር» አለች። «ከሐይቁ ማዶ አባ ኤሊ የሚባሉ አሉ። መቶ ዓመት ቅጠል ቀምሰዋል ይባላል።»

«ስንት ቀን ያስሄዳል?» አለች እመት ሽኮኮ።

«በእግር ሰባት ቀን። በድምፅ ግን...» እመት ጉሬዛ አፈረች። «በድምፅ ቅርብ ነበረ። እኔ ለቆቅ እጣራለሁ፤ ቆቅ ሐይቁ ዳር ላለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ታቀብላለች፤ እሱ ሐይቁን ይሻገራል። ከተውኩት ግን ስንት ጊዜዬ! ቆቅ ትኑር አትኑር እንኳ አላውቅም።»

ጎህ ሲቀድ እመት ጉሬዛ ዛፉ ጫፍ ላይ ወጣች። ድምፅዋ ዝጎ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገችና ተጣራች፦

«ቆቅ ሆይ! የሽኮኮ ልጅ እግሯ ዛለ! አባ ኤሊን ጠይቂልን!»

ጉሙ ድምፅዋን ዋጠው። ጠበቁ። ቅጠል ተንቀሳቀሰ፣ ጤዛ ጠብ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እመት ሽኮኮ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሸንተረሩ ላይ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ፦

«አልሰማሁም! ድገሚው!»

እመት ሽኮኮ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ያስለቅስሻል? አልሰማሁም እኮ ነው ያለችው» አላት አያ ዝንጀሮ።

«እሱ ነው የሚያስለቅሰኝ» አለች። «አልሰማሁም የሚልም አገኘን።»

እመት ጉሬዛ ደገመችው። ቆቅ ተቀበለች። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ተቀበለ። ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር፤ ወፉ ጥላውን እያስከተለ ተሻገረ። ሣጥኑ የዚያን ጊዜ ስለ ነገሥታት አዳራሽ እያወራ ነበር፤ ዞሮ የሰማው ግን አልነበረም።

ፀሐይ ከፍ ስትል መልስ መጣ። መልሱም ጥያቄ ነበር።

«አባ ኤሊ ‹ምን በላች?› ይላሉ!»

እመት ሽኮኮ ጆሮዋን ከልጇ ከንፈር አስጠጋች። ጤዛ፣ «ቢጫ አበባ... ከግድግዳው ላይ... ሁላችሁም ኮከቡን እየሰማችሁ ሳለ» አለች። እናትየው ከንፈሯን ነከሰች። ቃሉም ሄደ፤ በሸንተረሩ፣ በሐይቁ፣ ወደ ማዶ።

ሁለተኛው መጣ። «‹ምላሷ ምን መልክ አለው?› ይላሉ!»

«ጠቁሯል» የሚል ቃል ሄደ።

ሦስተኛው መጣ። «‹እናትየዋስ አርፋለች? አንድ ነገር ቀምሳለች?› ይላሉ!»

በአራት ቀን ውስጥ እመት ሽኮኮን ይህንን የጠየቃት አልነበረም። አያ ዝንጀሮ አፍሮ መሬት መሬት አየ። እመት ጉሬዛም ሳትጠይቃት፣ «አልቀመሰችም!» ብላ መለሰች።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የአባ ኤሊ ቃል ደረሰ። «መርዝ ነው። ቅጠል የሚባል እንዳትሰጧት። መብረቅ ካቃጠለው ግንድ ከሰል ፍቃችሁ አድቅቁት፤ በምንጭ ውኃ በጥብጡና ጠብ ጠብ አድርጉላት። እናትየዋ ግን መጀመሪያ ትብላ። የዛለ እጅ ልክ አያውቅም።»

አያ ዝንጀሮ ሮጦ ሣር አመጣላት፤ ተመልሶ ሮጦ ከሰል አመጣ። እመት ሽኮኮ በላች፤ እጇም ጸና። ጠብ አደረገች፤ ጠበቀች፤ ደግሞ ጠብ አደረገች። አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉሙ ሲነሣ ጤዛ ዓይኗን ገለጠች።

«እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

ሸለቆው በእልልታ ተናጋ።

በዚያው ጠዋት ማንም ሳይጠራት ቆቅ ከሸንተረሩ ተጣራች። «አባ ኤሊ ‹ልጅቷ እንዴት አደረች?› ይላሉ!»

«ዳነች በያቸው! እግዜር ይስጥልኝ በያቸው!» አለች እመት ሽኮኮ። ቆይታም፣ «እሳቸውስ እንዴት አደሩ በያቸው» አለች።

የአባ ኤሊም መልስ መጣ፦ «እርጅናው ነው እንጂ ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ሐይቁ ዳር አሸዋው ላይ ተኝቼ ፀሐይ እሞቃለሁ።»

ይህን ጊዜ ዲሹ ጣራው ላይ ተንቋቋ። «አሸዋው ላይ?» አለ። «አሸዋው ላይ አይተኙ! ኮከቡ ትናንት፣ ከሐይቁ በላይ ባለው አገር ሰባት ቀን የሚወርድ ዝናብ ይመጣል ሲል ሰምቻለሁ። ሐይቁ ይሞላል። ንገሯቸው፤ እባካችሁ ንገሯቸው!»

እመት ጉሬዛ አንድ ጊዜ ዲሹን፣ አንድ ጊዜ እመት ሽኮኮን አየች። እመት ሽኮኮ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቃሉም ሄደ፤ በሸንተረሩ፣ በሐይቁ፣ ወደ ማዶ። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረ፣ ዝናቡም ወረደ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ከሸንተረሩ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

በስምንተኛው ቀን አባራ። ጎህ ሲቀድ እመት ጉሬዛ ዛፉ ላይ ወጣች፤ ከቆቅ ጋርም ረዘም ላለ ጊዜ ተጠራራች። ስትወርድ ዲሹ ጠበቃት። ሽቅብ ማየት ትቶ አይደለም፤ አንገቱ ብረት ነውና አይዞርለትም። ድምፁን ግን ወደ ታች አደረገ።

«እመት ጉሬዛ፣ አባ ኤሊ ምን አሉ?»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ፤ ጠይቆም ጠበቀ።

«ጎርፉ የተኙበትን አሸዋ ጠርጎ ወስዶታል» አለችው። «እሳቸው ግን አስቀድመው ኮረብታው ላይ ወጥተው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል።» ጭራዋን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀዋል።»

«ምን?»

«‹ያ ወሬውን የሰማልን ልጅ ማን ይባላል?› ብለዋል።»

ዲሹ ስም አልነበረውም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀውም አልነበረም። እንስሳቱ ግን ደጁ ላይ ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ ስም ሲያወጡለት ዋሉ። ምሽት ላይ «ደራሽ» ተባለ፤ ስሙም በሸንተረሩ፣ በሐይቁ፣ ወደ ማዶ ሄደ።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ እናንተም ለጎረቤት አድርሱት። ሽማግሌዎች ይህንን ሲሰሙ እንዲህ አሉ፦ የሚናገር ሰማይ ደግ ነው፤ የሚመልስ ጎረቤት ግን ይበልጣል።