ሰባት ቤት የተቆጠረለት ላፕቶፕ

ተረት ልነግራችሁ ነው። «ጆሯችን ክፍት ነው» በሉኝ። እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት ፍርድ ቤት በነበራቸው ዘመን፣ ላፕቶፖችም እንደ ሰው ይናገሩ በነበረበት ጊዜ፣ አንዲት ጃርት ነበረች። እትዬ ጃርት ይሏታል። ሥራዋ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጣ ትውላለች። ጎጆው የፈረሰበት፣ ጎረቤቱ የሰደበው፣ ልጁ የተረገጠበት ሁሉ እየመጣ ይነግራታል። እሷም ትጽፋለች። ጽፋ ስትጨርስ ለባለጉዳዩ ታነብለታለች። «ልክ ነው» ካለ አጠገቧ ያለችው እማማ ማተሚያ ወረቀቱን ታወጣለች፣ ባለጉዳዩም እግሩን ቀለም ነክሮ ይፈርማል።

በእጅ የተጻፈ አቤቱታ ክልክል ነበር። ዳኛው ጎሽ አንድ ጊዜ ቅጠል ላይ የተጻፈ አቤቱታ ሲያነብ፣ ሲያነብ፣ ሲያነብ፣ ሳያስበው በላው። ከዚያ ወዲህ የታተመ ወረቀት ብቻ ይምጣልኝ አለ። ወረቀት አይጥመውም ነበርና።

እትዬ ጃርት ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች። ግን ዓይን አፋር ናት። የሌላውን ብሶት አሳምራ ትጽፋለች፣ የራሷን ሐሳብ ለመናገር ግን አፏ ይታሰራል። በተለይ ሽማግሌ ፊት።

ላፕቶፕዋ አባ ዋንዛ ይባል ነበር፤ ያረጀ፣ የሚያስል፣ ሁለት ቁልፎቹ እንደ ጥርስ የወለቁ። ስሙን ያገኘው ከቤቱ ነው። በዚያ አገር ላፕቶፕ ሁሉ ቤት ነበረው። ከዋንዛ ቤት የሆነ አለ፣ ከግራር ቤት የሆነ አለ፣ ከሌላም ቤት የሆነ አለ። ቤት የሚሉት እኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንለውን ነው። የላፕቶፕ አመሉም ቋንቋውም እሱ ነው። ዋንዛ የጻፈውን ዋንዛ በቀላሉ ያነበዋል፤ ግራር የጻፈውን ግራር። እትዬ ጃርት ዕድሜዋን ሁሉ የኖረችው ከዋንዛ ጋር ስለሆነ ሌላ ቤት አታውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ከባድ ጉዳይ ይዛ ነበር። የዳክዬዎች ጉዳይ ነው። ዳክዬዎች በደረቅ ዓመት በአፋቸው ቆፍረው ኩሬ አወጡ። ውሃው ሲሞላ ጋሽ ጉማሬ መጣና ገባበት። ውጣ ቢሉት፣ እዚህ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ኩሬው የእኔ ነው አላቸው። ዳክዬዎች ሲቆፍሩ ያዩ አሥራ ሁለት ሽመላዎች ነበሩ። ሽመላዎቹ አንድ በአንድ መጥተው መሰከሩ፣ እትዬ ጃርትም ቃላቸውን በአባ ዋንዛ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሽመላዎቹ ወደ ሩቅ አገር በረሩ። ወራት ካላለፉ አይመለሱም። ቀጠሮው ደግሞ ዓርብ ነው። ምስክር ካልቀረበ ዳክዬዎች ኩሬውን ለቀው ይወጣሉ፤ ጫጩቶቻቸው ግን ገና መብረር አልቻሉም።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ጃርት የምስክሮቹን ቃል ልታሳትም ስትነሳ አባ ዋንዛ ሳለ። እንደገና ሳለ። ሦስተኛ ሳለና ዓይኑ ጨለመ።

«እትዬ፣» አለ በቀጭን ድምፅ፣ «ሦስት ትንፋሽ ብቻ ቀርታኛለች። ለክፉ ቀን ላስቀምጣት። አንቺ ሌላ ላፕቶፕ ፈልጊ።»

ወሬው ወዲያው ተሰማ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፦ አባ ኤሊ፣ አቶ ፍየልና አያ አህያ። አባ ኤሊ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አዲስ ላፕቶፕ ወደ ቤት ማስገባት ሙሽራ እንደ ማስገባት ነው አለ። ወጉም ያው ነው። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጠራል፣ ከአሮጌው ጋር ዝምድና ከተገኘ ይቀራል። የቤቱ እመቤት እትዬ ጃርት ደግሞ ለጥየቃ አትሄድም፣ ነውር ነው።

እትዬ ጃርት፣ የምጽፍበት እኔ አይደለሁም ወይ፣ ልሞክረው እንጂ፣ ልትል አሰበች። ግን ለሽማግሌ እንዴት መልስ ይሰጣል? እሾኋን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ እመት ጦጣ ሱቅ ገቡ። ሦስት ላፕቶፖች ተደርድረዋል። እመት ጦጣ ከፍታችሁ ሞክሯቸው አለች። አባ ኤሊ፣ ልጅቷን አይቶ የሚያጭ ባለጌ ነው ብሎ ከለከለ።

ወደ መጀመሪያው ሄዱ። ወፍራም፣ ደልዳላ፣ ፈገግተኛ ነበር።

«ልጄ፣ የማን ቤት ነህ?»

«የዋንዛ ቤት። ያ የሚያስለው አባ ዋንዛ የአባቴ ወንድም ነው።»

አቶ ፍየል ጢሙን ያዘ። አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ጠረጴዛ? ሰባት ቤት ቀርቶ ሁለት ቤት እንኳ አልራቁም። ይቅር ተባለ።

ወደ ሁለተኛው ሄዱ። ትልቅ፣ በጎኑ መብራት የሚያበራ፣ ሲተነፍስ የሚሞቅ ነበር። አባትህ ማነው አሉት። አላውቅም አለ። አያትህስ አሉት። እኔ ጨዋታ ነው የማውቀው፣ ዘር አላውቅም አላቸው። ይቅር ተባለ።

ወደ ሦስተኛው ሄዱ። ቀጭን፣ ትሁት፣ እንደ ውሃ የጠራ ፊት ያለው ነበር።

«የማን ቤት ነህ?»

«የግራር ቤት።» ከዚያ ሳይጠየቅ ቆጠረላቸው። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ እስከ ሰባት። አንድም ቦታ ከዋንዛ ጋር አልተገናኘም።

አባ ኤሊ ደስ አለው። አቶ ፍየልም ደስ አለው። አያ አህያ ግን ዕድሜውን በሙሉ ሲሸከም የኖረ ስለሆነ፣ ለመሆኑ ጭነቱን ይሸከማል ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ፍየል ሳቀበት። ለሰርግ ሄዶ ስለ ጭነት የሚያወራ አንተን ብቻ አየሁ አለው። አያ አህያ ጆሮውን ጣለ። ግራሩም በእልልታ መጣ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ጃርት ከአዲሱ ፊት ተቀመጠች። ጣቶቿ በለመዱበት ሄዱ። ነገር ግን በግራር ቤት ፊደሎቹ የሚቀመጡት ሌላ ቦታ ነው። «ክቡር ዳኛ» ልትል «ክምር ዳኛ» ወጣ። ደንግጣ አጠፋችው።

የምስክሮቹን ቃል ከአባ ዋንዛ ላይ ቀድቶ ያስቀመጠ ፍላሽ ነበራት። ትንሽ ነው፣ ከአንዷ እሾኋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትይዘው። ሰካችው። ጽሑፉ ተከፈተ። ሽመላ የለም፣ ምስክር የለም፤ ሳጥን ብቻ። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ እስከ ታች ድረስ።

እስቲ ሳጥኑንም ቢሆን አትመሽ አውጪ ብላ ወደ እማማ ማተሚያ ላከች። እማማ ማተሚያ አፏን ዘጋች። የማላውቀው ሰው የሰጠኝን አልውጥም አለች።

ወዲያው ጋሽ ጉማሬ በዚያ ሲያልፍ ሳጥኖቹን አየ። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ ምስክሮችሽ በሳጥን ታሽገው መጡ? ለዓርብ መክፈቻውን አትርሺ።»

እመት ዳክዬ ይህን ሰማች። አልጮኸችም። ጫጩቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ከዚያ እንደገና ቆጠረች። በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ሌላ ውሃ ድረስ ማለቷ ነው። እትዬ ጃርት ይህን ስትሰማ መሬት ብትውጣት በወደደች።

ጃንጥላዋን ልታጥፍ እጇን ዘረጋች። ግን አላጠፈችውም። ዘወር ብላ አዲሱን ላፕቶፕ አየችው። ከመጣ ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችውም ነበር።

«ልጄ፣ ለምን እንዲህ አደረግኸኝ?»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እትዬ? አባቶቼን ጠየቁኝ፣ ቆጠርኩ። የዋንዛን ጽሑፍ ታነባለህ ወይ ያለኝ የለም።»

«አሁን እኔ ብጠይቅህስ?»

«አሁንማ እነግርሻለሁ። የዋንዛ ጽሑፍ የቤቱን ካባ ለብሶ ነው የሚመጣው። እኔ ካባውን ሳየው ዓይኔ ይጭበረበራል፣ ሳጥን ብቻ ይታየኛል። ካባውን ያውልቅና ቃሉ ብቻ ይምጣ። ቃሉን አነበዋለሁ።»

ካባውን ማውለቅ የሚችለው ደግሞ ያለበሰው ብቻ ነው። እትዬ ጃርት አባ ዋንዛን ቀሰቀሰችው። የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ተነፈሰና ዓይኑ በራ። ነገሩን ነገረችው። አባ ዋንዛ ተቆጣ።

«ቃሌ ራቁቱን ሊሄድ? በዚህ ዕድሜዬ? እንግዳ ፊት?»

ፍላሹ መሃል ገባ። «አባ፣ ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ። ከዋንዛ ቤት በልቻለሁ፣ ከግራር ቤትም ጠጥቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አደርሰዋለሁ።»

አባ ዋንዛ ግን የአባቱን ክብር አነሳ፣ ያለ ካባ ከቤት የወጣ ቃል በዘሩ እንደሌለ ተናገረ፣ የድሮ ጽሑፍ እንዴት ያምር እንደነበር ተረከ። እትዬ ጃርት አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። እሱ እየተረከ የመጀመሪያዋ ትንፋሽ አለቀች። ዓይኑ ጨለመ።

እንደገና ቀሰቀሰችው። ሁለተኛዋን ትንፋሽ ተነፈሰ። «ምን ላይ ነበርኩ?» አለና ትረካውን ካቆመበት ሊቀጥል ሆነ።

እትዬ ጃርት በሕይወቷ ሽማግሌ አቋርጣ አታውቅም።

«አባ ዋንዛ፣ ይቅርታዎን» አለች። «ጫጩቶቹ አይበሩም። ዝም ብለው ይስጡ።»

አባ ዋንዛ ትረካውን ተወ። ከዚያ ካባውን ያወልቅ ጀመር። አንድ ሽመላ፣ ሁለት ሽመላ፣ ሦስት ሽመላ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ጨለመ።

ስድስቱ ቀሩ። ትንፋሽ የቀረችው አንዲት ናት። እትዬ ጃርት አልቸኮለችም። ጠረጴዛውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ጎተተች፣ አባ ዋንዛ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በጃንጥላዋ አራገበችለት። ከዚያ ቀሰቀሰችው። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ሳለ። አሥር። አሥራ አንድ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። አሥራ ሁለት።

«ኧረ እንዴት ቀለለኝ» አለ አባ ዋንዛ። ተኛም።

ፍላሹ ዓይኑን ጨፍኖ ቃሉን ወደ ግራር ቤት ወሰደ። ሳጥን የለም። አሥራ ሁለት ሽመላዎች ተሰልፈው ታዩ። ጌጡ ጠፍቷል፣ ደማቅ ርዕሱ ጠፍቷል፣ ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም።

ሐሙስን በትምህርት ዋሉ። አዲሱ ላፕቶፕ፣ ሀ የት ነበር የምትቀመጠው፣ በ የት ነበረች፣ እያለ ጠየቃት፣ የለመደችውንም የፊደል አቀማመጥ ተማረላት። ያልቻለውን እሷ ተማረች። እማማ ማተሚያንም በወጉ አስተዋወቀቻት፤ ይህ ልጅ የግራር ቤት ነው፣ ከእንግዲህ የሚልክልሽ እሱ ነው አለቻት። እማማ ማተሚያ ቀድሞውንስ ማን ነገረኝ ብላ ወረቀቱን ቁልጭ አድርጋ አወጣች።

ዓርብ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ጋሽ ጉማሬ ግማሹን ቦታ ይዞ ተቀመጠ። ምስክር ካለ ይቅረብ አለ ዳኛ ጎሽ። እትዬ ጃርት ቆማ ማንበብ ጀመረች። ድምፅሽ አይሰማም አላት ዳኛው። ጉሮሮዋን ጠርጋ ከፍ አደረገችው።

የመጀመሪያው ሽመላ፣ ዳክዬዎች ከጎህ እስከ ቀትር ሲቆፍሩ አይቻለሁ ይላል። ሁለተኛው፣ የእመት ዳክዬ አፍ ጫፉ ተሸርፎ አይቻለሁ ይላል። ዳኛው ቀና ብሎ ቢያይ እውነትም ተሸርፏል። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ ሁለተኛው ላይ ደረሰች።

«ጋሽ ጉማሬ በዚያ ቀን ነበረ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ» ይላል አሥራ ሁለተኛው ሽመላ። «አልነበረም። እኔ ብዙ ነገር ሳላይ አልፌ አውቃለሁ። ጋሽ ጉማሬን ሳላይ ማለፍ ግን አልችልም።»

ፍርድ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛ ጎሽ ሳቀ። ጋሽ ጉማሬ መቆጣት ጀመረ፣ ከዚያ ራሱን ወደ ታች ወደ ላይ አየና እሱም ሳቀ።

«ይሄንንስ አልክድም» አለ። «እኔ ካለሁ እታያለሁ።»

ኩሬው ለዳክዬዎች ተፈረደ። ጋሽ ጉማሬም፣ ቀስ ብሎ ከገባና ውሃውን ካላፈሰሰ በሳምንት አንድ ቀን እንዲታጠብ እመት ዳክዬ ፈቀደችለት። ጫጩቶቹ ወደ ውሃው ሲሮጡ እርስ በርስ እየተደናቀፉ ነበር።

አባ ኤሊ ዘግይቶ ደረሰ፤ ኤሊ ነዋ። ነገሩን ሁሉ ሲሰማ ራሱን ወደ ቅርፊቱ አስገባ። ሲወጣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለ፦

«ለጋብቻ ዘር ይቆጠራል፤ ለሥራ ጓደኛ ግን ሥራው ይጠየቃል። የሚጠይቀውም ሠራተኛው ነው።»

ተረቴ እዚህ አረፈ። እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ።