ለመልሱ የተነጠፈው ሴራሚክ

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳማ ውስጥ። ቤቱን ይወዳል፤ ሚስቱን ደግሞ ከቤቱ አብልጦ ይወዳል። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለው ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ሳንባዋን ከታመመች ወዲህ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እሱ ሲያጉረመርም ሰውየው እፎይ ይላል።

የሰፈራቸውን መብራት መቼም ታውቁታላችሁ። ይሄዳል፣ ይመጣል። መሄዱስ ባልከፋ፤ ለዚያ ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደር አላቸው። ክፉው አመጣጡ ነው። የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ሲጨፍሩ ይህ ሰው ሶኬት ሊነቅል ይሮጣል። ለፍሪጁ ስታቢላይዘር ገዛ፤ ለቴሌቪዥኑ ገዛ፤ ለማሽኑም ገዛ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዘበኛ ቆመለት። አንድ ቀን ግን መብራቱ በኃይል መጣና የማሽኑን ስታቢላይዘር አጨሰው። ማሽኑ ለጥቂት ተረፈ። የሸጠላቸውም ነጋዴ፣ "ማሽኑ ከተቃጠለ ሌላ በቶሎ አላገኝላችሁም" አላቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የግቢውን በር ክፍት ትቶ በየክፍሉ ዘበኛ የሚያቆም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ይህ የገባው ያን ቀን ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ተቀምጦ፣ ትርፉ ኃይል ገና ወደ ቤት ሳይዘልቅ የሚይዝለት፣ ለሙሉ ቤት የሚሆን ሰርጅ ፕሮቴክተር ሊገዛ ወሰነ። ንጋቱ ከሚባል የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሱቅ ሄዱ።

"መብራቱ የሚበዛውን ስጠኝ" አለ ባለሱቁን።

ንጋቱ ሳቀ። "ጋሼ፣ የገና ዛፍ እኮ አይደለም የምንገዛው። የምናየው ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል ነው።"

ጉልበት ያለውን መርጠው ተመለሱ። ንጋቱ የብሬከሩን ሳጥን ከፍቶ አየና፣ "የመሬት ሽቦው የታለ?" ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው የግቢውን ሴራሚክ አየ። ድሮ ከቆጣሪው ሥር የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ነበር። ለልጃቸው ሠርግና ለመልሱ ግቢው ሴራሚክ ሲነጠፍ ግን፣ ዘንጉ ብቅ ብሎ መልክ ቢያበላሽበት "ቁረጠው!" ያለው ራሱ ነው።

"እንግዲያው እዚህ ጋ ሴራሚኩን ሰብረን አዲስ ዘንግ እንቀብራለን" አለ ንጋቱ፣ የግቢው መግቢያ ላይ ቆሞ።

"ምን? እሁድ እኮ መልስ ነው! ሙሽሮቹ የሚገቡበትን? አማቾቼ የሚረግጡትን? ከመልሱ በኋላ ይደርሳል። ለጊዜው እሰረው።"

"ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ትርፉን ኃይል ይዞ የሚደፋው መሬት ውስጥ ነው። መድፊያ ካጣ ኃይሉ ቤት ይገባል። እንዲሁ ባስረው ጌጥ ነው።"

"እሰረው አልኩህ!"

ታሰረ። የፕሮቴክተሩ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። ሰውየው ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያት ጀመር። "አያችሁ? በርቷል!" ይላል። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡን ለቄስ!

ቅዳሜ ድንኳን ሲተከል፣ እታፈራሁ ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማት። "አትስጊ የኔ ልጅ" ትላለች። "አባትሽ ሁሉንም አስተካክሎልኛል። ከእንግዲህ መብራት ሲመጣ አልደነግጥም፤ ጋደም እላለሁ።"

ሰውየው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አፈረ፤ እጅግ አድርጎ አፈረ። ለአማቾቹ ጫማ ሲል በሚስቱ ትንፋሽ እየቆመረ መሆኑ ያኔ ታየው። ወጣና ከድንኳን ተካዮቹ ዲጂኖ ተቀበለ። የመጀመሪያውን ሴራሚክ በገዛ እጁ ሰበረው።

ታላቅ እህቱ ከማጀት እየጮኸች ወጣች። "አንተ ወሰንየለህ! አብደሃል? ለመልስ ዋዜማ? ሰው ምን ይለናል?"

"ይበል" አላት።

ንጋቱ ተጠራ። ዘንጉን እርጥቡ አፈር ድረስ አዝልቆ ቀበረው፤ ሽቦውን አገናኘ፤ በመሣሪያው ለክቶም አረጋገጠ።

እሁድ አማቾች በእልልታ ሲመጡ መግቢያው ላይ የተቀበላቸው የአፈር ቁልል ነው። የሙሽራው አባት የሱፍ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ "ምነው ቧንቧ ፈነዳ እንዴ?" አለ።

"የለም" አለ ሰውየው፣ ሳይሸማቀቅ። "የባለቤቴ ትንፋሽ የሚጠበቀው እዚህ ውስጥ ነው። ተሻግራችሁ ግቡልን።"

ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሲደምቅ መብራት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ግን አመጣጡ! ዲጄው የማሽኑን መስመር ላለመንካት መብራት ከጎረቤት ነበር የሳበው። ስፒከሮቹ ጓ ብለው ጨሱ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል ከመኝታ ቤቱ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ማሽኑ ያጉረመርማል። እታፈራሁ ትተነፍሳለች። ሰውየው እንግዳ ሁሉ እያየው አለቀሰ።

ምእመናን፣ በዚህ ሰው አትሳቁበት። እኛስ? ማተባችን አንገታችን ላይ ነው። ቅዳሴ አናስታጉልም። ጾም ሲገባ የሚቀድመን የለም። አረንጓዴው መብራት በርቷል! ግን ቁጣ ሲመጣ፣ ቅናት ሲመጣ፣ የሰው ክፉ ቃል ሲመጣ የምንደፋው የት ነው? ሚስታችን ላይ አይደለም? ልጆቻችን ላይ አይደለም? ለምን? መውረጃ የለውማ! መልክ ያበላሽብናል ብለን ቆርጠነዋላ!

መውረጃው ምንድን ነው? ዝቅ ማለት ነው። "አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ" ማለት ነው። ይህች ቃል ክብር ትሰብራለች፤ አውቃለሁ። ይሉኝታ አለ። "መጀመሪያ እሱ ይምጣ" አለ። "ከበዓል በኋላ" አለ። ስንት በዓል አለፈ? እስቲ ንገሩኝ፣ ስንት በዓል አለፈ?

እግዚአብሔር የሰጣችሁ ጸሎት ጉልበት አለው ወይ? አለው! ንስሐ ይሠራል ወይ? ይሠራል! በዚህ ጥርጥር አይግባችሁ። ከላይ የጎደለ ነገር የለም። የጎደለው የእኛ መውረድ ነው።

አሁን ይህን ስናገር በልባችሁ አንድ ሰው መጣ። ስሙን እኔ አልጠራም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቤቱንም ታውቁታላችሁ። ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ፤ ወደዚያ ሂዱ። ሰፈርተኛው ያያችሁ እንደሆነ ይያችሁ። በሩን አንኳኩ። "ማነው?" ሲላችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ ሲከፍትላችሁም ቀድማችሁ ጉልበቱ ላይ ውደቁ።